ያልተነሳ ሞተር

ሾፌሩ የሚነዳት መኪና የሰው ናት። የራሱን ታክሲማ ሞተሯ አብቅቶለታል ተብሎ ለታላቅ ወንድሙ በርካሽ ለቆለታል። ታላቅየው ስሙ የተጠራ መካኒክ ነው፤ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደገውም እሱ ነው። ወንድም ጋሼ አለ ማለት አለቀ፤ ማን አፍ አለኝ ብሎ ይጠይቀዋል?

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የሰው መኪና ቁልፏ ገና ሲዞር፣ የሙቀት መለኪያ ጌጇ መርፌ ተስፈንጥሮ ቀዩ ላይ ቁጭ አለ። ሾፌሩ ክው አለ። ያቺም ታክሲው እንዲሁ ነበር የጀመራት። የሰው ንብረት ገደልኩ ብሎ እየተርበተበተ የመኪናዋን ባለቤት መካኒክ መኪናዋ ካደረችበት ግቢ ድረስ ጠራው። ማስቲካ ከአፉ ስለማይጠፋ ሰው ሁሉ ማስቲካው ይለዋል።

ማስቲካው መዳፉን ራዲያተሩ ላይ አሳርፎ ሳቀ። ሌሊቱን ስትቀዘቅዝ ያደረች መኪና ሳትነሳ በምን ትግላለች አለው። ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ እንዲያዞር ነገረውና የሞተሩን ሙቀት ለጌጇ የሚነግረውን ሴንሰር ሶኬት ነቀለ። መርፌው ወዲያው ወረደ። ችግሩ ሽቦው ላይ ቢሆን ሶኬቱ ሲነቀልም መርፌው አይወርድም ነበር፤ የሚዋሸው ሴንሰሩ ነው፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው ብሎ ማስቲካውን ማኘኩን ቀጠለ።

ሾፌሩ ደስ ሊለው ሲገባ የራሱ ታክሲ ትዝ አለችው። ጎበዝ መካኒክ ይህን ሊስት ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ።

"ጎበዝ? ሥራ በጀመርን ሰሞን የምንማረው ነው" አለው ማስቲካው።

ሾፌሩ በቀጥታ ወደ ወንድሙ ጋራዥ ሄደ። ታክሲዋ አዲስ ቀለም ተቀብታ በሩ ላይ ቆማለች። ወንድሙ ሞተር ለወጥኩላት ብሎት ነበር። ኮፈኑን ከፈተ። ጉድ በል! ያው የራሱ ሞተር ነው፤ ድሮ እሱ ያስበየደው ጠባሳ እንኳ አልተነካም። አዲስ ነገር ቢኖር ጣት የምታክል ሴንሰር ብቻ ናት።

ታላቅየው ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ላንተው ብዬ ነው፣ አንተ ንብረት መያዝ አታውቅበትም፣ እኔ ጋ ብትሆን ለቤተሰቡ ትተርፋለች ይል ጀመር። ለጎረቤት በነጻ የሚሠራ ሰው እኮ ነው! የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

ሾፌሩ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

"ወንድም ጋሼ፣ የታክሲዋ መርፌ ቀዩ ላይ የወጣ ዕለት ጠዋት፣ ገና ሳትነሳ፣ እጄን ይዘህ ሞተሩ ላይ አስቀመጥከው። አየህ እንዴት እንደሚያቃጥል ስትለኝ፣ እኔም አዎ አልኩህ" አለው። "ቀዝቃዛ ነበር እኮ። ከገዛ እጄ ይልቅ አንተን አመንኩ።"