የማኒኮቶው ድምፅ

ጋራዡ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚለው። መኪና ገና ከበር ሲገባ፣ ኮፈኖው ሳይከፈት፣ በሽታውን ከድምፁ ለይቶ ይናገራል። «እሱ እኮ መኪና ተኝቶ ቢያልም ይሰማል» እያሉ ያሾፉበታል። ከሦስት ወር ወዲህ ግን ጆሮን እግር በእግር የሚከተለው አንድ ድምፅ ነው። በር ሲቆለፍ ቀጭ። መብራት ሲያጠፋ ቀጭ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ስትጫን ቀጭ፤ እሱ ደግሞ የያዘውን መፍቻ ይጥላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋራዡ የሆስፒታል መኪኖችን ይጠግናል። ከእነሱ መካከል አንዲት አሮጌ አምቡላንስ አለች፤ ሹፌሯ የጆሮ ታላቅ እህት ባል ነው። አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ወፍራም ቱቦ፣ እነሱ ማኒኮቶ የሚሉት፣ ድሮ በብረት ቀበቶ ታስሮ በካቻቢቴ ይጠብቅ ነበር። አዲሱ ግን ጫፉ ላይ የሽቦ መያዣ አለው፤ ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይገጥማል፣ አለቀ። አለቃቸው፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰው፣ ይህን ጥድፊያ አላመኑትም። «ግፋ፣ ስማ፣ መልሰህ ጎትት» የሚል ሕግ አወጡ። መልሰህ ካልጎተትከው አልገጠምከውም፤ አበቃ።

ከሦስት ወር በፊት አንድ ቀን ጆሮ የአምቡላንሷን ማኒኮቶ ገፋ። ግን ቀልድ ጀምሮ ነበር፤ በራሱ ቀልድ እየሳቀ አልሰማም፣ አልጎተተምም። ጆሮ የተባለ ሰው! ኮፈኖውን ከድኖ ቀልዱን ጨረሰ። ቀልዱ ደግሞ የማይረባ ነበር።

በማግስቱ እናቱን ትንፋሽ አጠራት። የልጇ ባል በአምቡላንሷ ይዟት በረረ። ዳገቱ ወገብ ላይ ማኒኮቶው ወለቀ፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ቆመ። ሌላ መኪና ተፈልጎ ሆስፒታል ሲደርሱ እናትየው በር ላይ አረፈች። ሐኪሙ «ሩብ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ» አለ። ያቺን ሩብ ሰዓት ቤተሰቡ በሙሉ ሹፌሩ ጫንቃ ላይ ጫናት። ዋናው መንገድ እያለ በአቋራጩ ዳገት ምን ወሰደህ? ሚስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረችውም። ሳሎን ፍራሽ ጣለችለት።

አምቡላንሷ ተጎትታ ስትመጣ ኮፈኖውን የከፈተው ጆሮ ነው። ማኒኮቶው ተንጠልጥሏል። ግራና ቀኙን አየና በአውራ ጣቱ ገፋው። ቀጭ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። የጋራዡ የምርመራ ወረቀት ላይ የብልሽቱ መነሻ የአነዳድ ጉድለት ነው ብሎ ጻፈ፣ ፈረመም። ቤተሰቡም ወረቀቱን አምኖ ተቀበለ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን የሚሉት ዝም ብለው የማያውቁ ሰዎች መሆን አለባቸው። የጆሮ ዝምታ ከውስጥ ነቀዘ። ሞተር አስነስቶ ጎንበስ ሲል የእናቱን ትንፋሽ ይሰማ ጀመር፤ ያንን በስተመጨረሻ ሲር ሲር ይል የነበረውን። ሞተሩን ያጠፋዋል። ትንፋሹ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። ሰውየው የሚኖርበትን ሥራ ፈራ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሹፌሩ ወደ ጋራዡ መጣና የአምቡላንሷን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ልሰናበትህ ነው። እህትህ ልብሴን እየሸከፈች ነው። ዛሬ እወጣለሁ።»

ጆሮ ቁልፉን ሳይሆን የሰውየውን ክንድ ይዞ ወደ አምቡላንሷ ወሰደው፤ ኮፈኖውን ከፈተ፣ መያዣውን ተጭኖ ማኒኮቶውን ነቀለው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነው። አንተም አይደለህ፣ ዳገቱም አይደለ። እኔ ነኝ። ሳልገጥመው ለቀቅኩት። መኪናዋ ተጎትታ ስትመለስ ደግሞ ሰው ሳያይ ገጠምኩት።»

ሹፌሩ ቱቦውን ዞር ብሎም አላየው።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ተጎትታ ስትመጣ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አልወረድኩም፤ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቅስ ነበር። ኮፈኖው ከልሎህ አላየኸኝም። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ጆሮ ያለህ አንተ ብቻ ነህ እንዴ?»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ስድብ ስትጠጣ ለምን አልተናገርክም?»

«እህትህ እናቷን ቀብራ መጣች። ባል ሌላ ይገኛል፤ ወንድም ከየት ታመጣለች? ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

ጆሮ የእጁን ቅባት እንኳ ሳይጠርግ ወጣ። ሹፌሩ «ተው! ተው እባክህ!» እያለ ከኋላው ይከተላል። እህቱን ቤት አገኛት፤ የባሏን ሸሚዞች እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። ቁጭ በል ብትለው አልተቀመጠም።

«እትዬ፣ እናታችንን ያስቀራት እሱ አይደለም። እኔ ነኝ» አለና ሁሉንም ነገራት። ቀልዱን፣ ሳቁን፣ ያልጎተተውን ቱቦ፣ በኋላ የደበቀውን። አንድም አላስቀረም።

እህቱ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች።

«የአነዳድ ጉድለት ነው የሚለውን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እኔ በዚያ ወረቀት ነው ሰው ላይ የፈረድኩት» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ወንድሟን አልፋ ደጃፍ ላይ ወደቆመው ባሏ ሄደች፣ እጅጌውን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችው።

ከዚያ ለጆሮ፣ «አንተ ውጣ» አለችው።

ወጣ። ደረጃው ላይ እንደቆመ በሩ ከኋላው ተዘጋ፤ ቁልፉም ቀጭ አለ። ይከፈት ይሆን ብሎ ዞረ። እጀታው ሲነቃነቅ አየ። እህቱ ናት፤ በደንብ መቆለፉን ለማወቅ ከውስጥ መልሳ እየጎተተችው ነው።