ቡጢን የለወጥኩ ዕለት

ቡታጅራ ገበያ ገብታችሁ "ከድሮ ጨርቅ ቤት" ብላችሁ ጠይቁ፤ ከድሮ እኔ ነኝ። እኔን ዋጋ ያስቀነሰ ደንበኛ ካለ ይምጣና ፊቴ ይቁም! እንግዲህ እኔን ነው የሸወዱኝ። ያውም በገዛ ቤቴ፣ በአረፋ፣ ስጋዬን እየበሉ!

ለአረፋ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል፤ የእኔም ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። ጉብሬ ባለው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ታናሽ እህቴ ሳሌሃም መጥታለች። አባታችን ካረፈ ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ስልኳ ላይ የማትለየው ጨዋታ አለ፤ አውሬ ይሰበስባሉ፣ ያሳድጋሉ፣ ያፋልማሉ። የእሷ አውሬ ቡጢ ይባላል። ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም፣ ጆሮው ብቻ ነው ትልቅ፤ ሁለት እጁን ጨብጦ ቀኑን ሙሉ "ና ሞክረኝ" እንዳለ ነው።

"ጋሼ፣ እየው እስቲ! ከእንቁላሉ ጀምሬ ያሳደግኩት ነው። ቅዳሜ ጉብሬ ውድድር አለን፣ እና..." ብላ ጀመረችልኝ። እኔ ግን ጆሮዬ እንግዶቹ ጋ ነበር። ወዲያው ከጓዳ ጠሯትና ስልኩን እጄ ላይ ትታ ሮጠች።

ይሄኔ ዑመይር ጠጋ አለኝ። የሚስቴ የአክስት ልጅ ነው፤ መርካቶ ያደገ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ጎረምሳ። "ጋሼ ከድሮ፣ ያንን ትንሽዬ ነገር በዚህ ብለውጥህስ?" ብሎ የራሱን ስልክ አሳየኝ። ምን ልበላችሁ፣ ክንፍ ያለው፣ ቀንድ ያለው፣ እሳት የሚተፋ ግዙፍ! ስልኩ ውስጥ ተጣጥፎ ነው የገባው። በልቤ "ይሄ ልጅ ጅል ነው" አልኩ።

ታዲያ ነጋዴ አይደለሁ? ዝም ብዬ እሺ አልልም። "ወግድ፣ የእህቴን ንብረት!" ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ለመነኝ። ልነሳ ስል እጄን ያዘኝ። "ምርቃትስ የለውም?" አልኩት፤ የወርቅ ጋሻ ጨመረልኝ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ሙሀመድሰይድ፣ ጠብ ሁሉ እሳቸው ፊት የሚያልቅ፣ ከጎኔ ተቀምጠዋል። "ሐጂ፣ ዱዓ ያድርጉበት!" አልኳቸው ለጨዋታ። እሳቸውም እየሳቁ እጃቸውን ዘርግተው "አላህ በረካ ያድርግላችሁ" አሉ። "አሚን!" አለ ቤቱ። ዑመይር የሚነካውን ነካካና ተለዋወጥን።

ሳሌሃ የስጋ ትሪ ይዛ ገባች።

"ነይ፣ ወንድምሽ የሠራልሽን እዪ!" አልኳት ጮክ ብዬ። "ያንን ድንክ ጥዬ ተራራ አመጣሁልሽ!"

ስልኩን አየች። እንግዶቹን አየች። ሐጂን አየች። "እሺ ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ" አለችና ትሪውን አስቀምጣ ወጣች። እኔ እስኪመሽ ሳወራ ዋልኩ።

በማግስቱ ሳሌሃ በጠዋት ወደ ጉብሬ ተመለሰች። ልጄ ፈትሂያ፣ እዚህ ቤት እኔን የምትዳፈር እሷ ብቻ ናት፣ መጥታ ፊቴ ተገተረች። "አባ፣ ውድድሩ እኮ የትንንሾች ብቻ ነው። ትልቅ አይገባም! ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ ቡጢን ያሳደገችው ለዚህ ነበር።"

ክው አልኩ። "ታዲያ ለምን አልተናገረችም?"

"በእንግዳ ፊት? ሐጂ ዱዓ ካደረጉ በኋላ? ልታዋርድህ?"

ዑመይር ጋ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ዱዓ የተደረገበት ነገር ይመለሳል እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ቆጣ ስል ግን "ሐጂ 'መልስ' ካሉኝ ወላሂ እመልሳለሁ" አለ።

አያችሁ፣ ቀላል ነበር። ሐጂ ከአስር ሰላት በኋላ ሱቄ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ነው የሚቀመጡት። "ሐጂ፣ ተሸውጃለሁ፣ ያስመልሱልኝ" ማለት ብቻ! ወጣሁ። ባለሱቆቹ ከበዋቸዋል። እነሱ ፊት ከድሮ በስልክ ጨዋታ በጎረምሳ ተበላሁ ይበል? ስለ በርበሬ ዋጋ አውርቼ ተመለስኩ። ሌላ ቀን ደግሞ ሻይ በእጄ ይዤላቸው ወጣሁ። "ምነው ከድሮ፣ የምትለኝ ነገር አለ እንዴ?" አሉኝ። "ኧረ የለም ሐጂ፣ ደህንነትዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።" አፌ ይቆረጥ! እንዲህ እያልኩ ቅዳሜ ደረሰ።

"ዕቃ ላመጣ ነው" ብዬ ቤት ዋሽቼ ወልቂጤ ሄድኩ፤ ከዚያ በባጃጅ ጉብሬ። አዳራሹ በወጣት ተጨናንቋል። ከኋላ ቆምኩ። ሳሌሃ ከተመልካቾቹ ጋር ተቀምጣለች፤ መድረኩ ላይ ያለው ዑመይር ነው፤ ለካ ቡጢን የፈለገው ለዚህ ውድድር ኖሯል። ቡጢ ግን፣ ወላሂ ያ ትንሽ ፍጥረት፣ የመጣበትን ሁሉ ዘረረ! አሸነፈ። ከትልቁ ስክሪን ሥር "አሳዳጊ፦ ሳሌሃ" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ለካ ጨዋታው የመጀመሪያውን አሳዳጊ ስም አያጠፋም።

"ሳሌሃ ማን ናት?" አለ መድረክ መሪው። ጓደኞቿ ጠቆሟት። ማይኩን ይዞላት ወረደ። "እንዲህ ያለውን ጀግና እንዴት አሳልፈሽ ሰጠሽ?"

ልቤ ገፋፋኝ፦ ተናገር ከድሮ፣ አሁን ተናገር!

"ትልቅ ነገር አማረኝ" አለች። "ራሴው ነኝ የለወጥኩት።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔስ? ማንም እንዳይጠረጥረኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ አብሬ ሳቅኩባት።

የእኔን ሳቅ ደግሞ ከገበያ ዳር ሆኖ የሚለየው ሰው ብዙ ነው። ሳሌሃ ዞር አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ጋሼ? መጥተህ ነው? ውይ፣ ቆመሃል እኮ!" ከመቀመጫዋ ተነሳች። በሻርፗ ጫፍ ወንበሩን ጠረገችልኝ። "ና፣ ተቀመጥ።"

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። ሰው ሁሉ እያየን በመካከላቸው አልፌ ሄድኩና ተቀመጥኩ። እሷ ቆመች።