የቅዳሜ ፓንኬክ

«ልጅ ማለት እንዲህ ናት!» አለች ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ። «ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቅዳሜ አላዛነፈችም። የዛሬ ልጆች ስልክ እንኳ ያነሳሉ?»

ሳሎኑን የሞሉት ለቅሶ ደራሾች ራሳቸውን ነቀነቁ። ጡረተኛው ሜካኒክ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ልጁ፣ የፋርማሲ ሠራተኛዋ፣ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አቀርቅራለች። ሰው ሐዘን አጎበጣት ይላል። ሐዘኑስ አለ፤ አንገቷን ያስደፋት ግን እፍረት ነው። በሰባት ወር ውስጥ አንዲት ቅዳሜ እንኳ እዚህ ቤት አልረገጠችማ!

«ቅዳሜ ማታ ከሱቄ ስገባ ጋሼ የተረፈውን ይዘውልኝ ይመጡ ነበር» ቀጠለች ልብስ ሰፊዋ። «"ልጄ በልታ ጠግባ ነው" ይሉኛል። አቤት ያ ፓንኬክ! እንጆሪው ከላይ፣ ሙዙ ከላይ፣ እሱ ራሱ እፍ ቢሉት የሚበር። ጋሽ ቡሎን እንዲህ ዓይነት እጅ አላቸው ብሎ ማን ይገምታል?»

አርባ ዓመት ከመኪና ሥር ተኝቶ ስለኖረ ነው ሰፈሩ ጋሽ ቡሎን ያለው። ልጅቷ ግን ግራ ገባት። እፍ ቢሉት የሚበር? እሷ የምታውቀው ፓንኬክ እንኳን በእፍታ በንፋስም የሚነቃነቅ አልነበረም።

ጡረታ በወጣ ሰሞን ነው የጀመረው። ከስልኩ ላይ ቪዲዮ አይቶ፣ ሙዙን ፈጭቶ ከሊጡ ጋር ደባልቆ፣ መጥበሻው ላይ እንደ ጎማ ልጣፊ ተጫን ተጫን አደረገው። ዳሩ አረረ፤ መሀሉ ጥሬ ቀረ። «እንዴት ነው?» አላት ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ። እውነቱን ብትነግረው ምን ነበረበት! «ውይ አባዬ፣ እጅህ ይባረክ፣ በጣም ይጣፍጣል» አለችው። አመናት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይጠብስላት ጀመር። አራት ቅዳሜ እንደምንም ዋጠች። በአምስተኛው «አባዬ፣ ዛሬ ተረኛ ነኝ» ብላ ደወለች። «ሥራ ይቅደም፣ የኔ ልጅ» አላት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሁሉ ተረኛ ሆነች፣ አልጋዋ ውስጥ ተጋድማ።

«ስሚ እንጂ» አለቻት ከሩቅ ከተማ የመጣችው አክስቷ፣ የሟቹ ታላቅ እህት። «ወንድሜ በደወልኩ ቁጥር "አሁንማ ልጄ በልጣኛለች፣ ከኔ የተሻለ ትጠብሳለች" ይለኝ ነበር። እስቲ አንድ ጥበሺልኝ፣ የሱን እጅ ልቅመስ።»

ለአክስት እምቢ አይባልም። ተነስታ ወደ ኩሽና ገባች። ማቀዝቀዣውን ስትከፍት አንድ ሳህን እንጆሪ አየች፤ ታጥቦ፣ ቅጠሉ ተለቅሞ ተቀምጧል። ሐሙስ ነው ልቡ ቀጥ ያለው። ለቅዳሜ ያዘጋጀው መሆን አለበት። በሩን ቶሎ ዘጋችው፤ መልሳ ከፈተችው። ሁለት እንቁላል ሰብራ ዱቄቱ ላይ ደፋችና በሹካ ታማስል ጀመር።

«ምነው! አስኳሉን ከነነጩ?» ልታግዛት የገባችው ልብስ ሰፊ ጮኸች። «ነጩ ለብቻው ነው እንጂ የሚመታው፣ ነጭ አረፋ እስኪሆን! አርብ ከሰዓት ሲለማመዱ ሳህኑን የምይዝላቸው እኔ አልነበርኩ? ክንዳቸው ሲዝል እያረፉ ይመቱታል። "ነገ ልጄ ፊት እንዳላፍር" ይሉኛል። እና አንቺ ሳታይ...»

ዓይኗ ሳይለይ የተማሰለው እንቁላል ላይ ቀረ።

«አልመጣሁም፣ እትዬ» አለች ልጅቷ፣ ሹካውን ጨብጣ። «የመጀመሪያዎቹ አይበሉም ነበር። ጥሩ ነው ብዬ ዋሸሁት። ከዚያ እሱን ከማሳፍር ብዬ ቀረሁ።»

«ሰባት ወር?»

«ሰባት ወር።»

ልብስ ሰፊዋ ልትሰድባት አፏን ከፈተች፤ ተወችው። «ተረፈ ያሉኝ ሁሉ...» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። «በይ ተይው። እሳቸው እንዳሉት ይሁን። ወሬው ከዚህ ኩሽና አይወጣም።»

ልብስ ሰፊዋ ራሷ ሌላ እንቁላል ሰብራ ነጩን ለይታ መታችው። አረፋውን ሳታቸኩል ከሊጡ ጋር አዋሃደችና መጥበሻው ላይ አፈሰሰችው። ላዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ሲያወጣ እንጆሪውን ደርድራ ከደነችው። ሲከፈት ፓንኬኩ ሁለት ጣት ያህል አብጦ ነበር። ልጅቷ አፏን ይዛ አየችው።

ሳሎን ውስጥ አክስቷ አንድ ጊዜ ጎረሰች፤ ዓይኗ በእንባ ሞላ። «አንቺ የተባረክሽ! አባትሽ እንኳን አንቺን ወለደ!»

ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ክንዷን ጨመቅ አደረገቻት፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ዝም ማለትማ ቀላል ነበር። ሰባት ወር የተካነችበት ሙያ አይደል!

«እኔ አልጠበስኩትም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «አባዬ ለኔ ብሎ ሲለማመድ እኔ ተረኛ ነኝ እያልኩ ቤቴ ተኝቼ ነበር። አንድ ቅዳሜም አልመጣሁ። እንዲህ አድርጎ እንደሚጠብስ እንኳ አላውቅም።»

አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና ጫማውን ማየት ጀመረ። አክስቷ ማኘኳን አቁማ አየቻት። ከዚያ ሳህኑን ወደሷ ዘረጋች።

«ቅመሺው» አለቻት። ቁጣ ይሁን ርኅራኄ አይለይም።

ቆርሳ ጎረሰች። ለስላሳ ነው፤ ይጣፍጣል። ሰው ሁሉ እያያት፣ አፏን በመዳፏ ሸፍና፣ ሳትውጠው ቆመች።