የተሰረቀ ጾም

ልብስ ተኳሿ የወተት ዱቄቱን ከምስር ሾርባው ጋር እያማታች ሳለ ከመኝታ ክፍሉ የእናቷ ድምፅ መጣ።

"ዛሬስ ማማሰሉን አበዛሽው፤ ምን እያደረግሽ ነው?"

"እንዳይጓጉል ነው፣ እማ።"

የወተቱን ቆርቆሮ ከድና ከሳሙናዎቹ ኋላ ወሸቀችው። ሐኪሙ ገና በጾሙ መግቢያ "ወተት ካልወሰዱ ለፋሲካም አይደርሱም" ብሏት ነበር። ቄሱም "የታመመ ሰው ጾም የለበትም" ብለው መክረዋል። እናቷ ግን ሁለቱንም በአንዱ ጆሯቸው ሰምተው በሌላው አፈሰሷቸው። ልጅቷም፣ ለነፍሳቸው እሳቸው ይጨነቁ፣ ለሥጋቸው እኔ አለሁ ብላ በዚያው ሳምንት ወተቱን በስውር መጨመር ጀመረች። ውሸት መጀመሪያ ይከብዳል፤ ከዚያ ይለመዳል።

ሾርባውን ይዛ ስትገባ እናቷ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አልጋው ግርጌ ነጭ ቀሚሳቸው ተዘርግቷል። የምትሠራበት ላውንደሪ በሰው የበዓል ልብስ ተጨናንቆ ሳለ ሰሞኑን በምሳ ሰዓቷ የተኮሰችው ነው።

"ዘንድሮ እጅሽ ጣፈጠ" አሉ ቀምሰው። "ድሮ ሾርባሽ የምስር እጣቢ ነበር የሚመስለው።"

ልጅቷ ሳቀችና ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጠርዝ አቃናች።

"ማታ ለትንሣኤው ቅዳሴ ቄሱ በመኪና ይወስዱኛል። ልቆርብ ነው።"

"ልትቆርቢ?"

"ምን ይከለክለኛል? ከታመምኩ ወዲህ አንድም ጾም ጨርሼ አላውቅም፤ ዘንድሮ በእሱ ቸርነት ሳላጎድል ጨረስኩት። ቆሜ አላስቀድስ፣ ለተቸገረ አልሰጥ። እሱ ስለ እኔ ሞቶ ሲነሣ፣ እኔ ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልበለው? ያለችኝ ይቺ ጾም ናት፤ እሷን ሰጠሁት።"

ልጅቷ ክው አለች። ጾሙን እስከ ዛሬ የምግብ ጉዳይ አድርጋ ነበር የያዘችው። ዝም ብትል እናቷ ደስ ብሏቸው ይቆርባሉ፤ ማንም አያውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እንዲጠራ ግን አንድ ሰው አፉን መክፈት አለበት።

"እማ፣ ሾርባው ውስጥ ወተት አለ።"

"የዛሬው?"

"ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። ሐኪሙ ለፋሲካ አትደርስም ሲለኝ ፈራሁ። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?"

እናቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢቆጡ ይሻላት ነበር፤ ቁጣቸውን ታውቀዋለች፣ ጮኸው ይወጣላቸዋል።

"ብትነግሪኝ እኮ እምቢ እል ነበር" አሉ በመጨረሻ።

"ለዚህ ነዋ ያልነገርኩሽ።"

"እምቢታውም የእኔ ነበር።"

ልጅቷ ሾርባውን ወስዳ ደፋችው፤ ድስቱን አጥባ አዲስ ምስር ጣደች፤ ውሃና ጨው ብቻ። አብስላ ስታቀርብላቸው እናቷ አሸተቱትና መልሰው ገፉት።

"ምስር ብቻ ነው፣ እማ።"

"ትናንትም ምስር ብቻ ነበር።"

"እናቴ ትሙት" ልትል አፏን ከፍታ ዘጋችው። ዕድሜ ልኳን የማለችበት መሐላ ዛሬ አስፈራት።

ጥግ የቆመውን ባለጎማ ወንበር አመጣች። እናቷን ደግፋ አስቀመጠቻቸውና የኩሽናውን ጠባብ በር እንደምንም አሳልፋ ወንበሩን ምድጃው አጠገብ አቆመችው። ቆርቆሮውን ከተደበቀበት አውጥታ ጭናቸው ላይ አኖረች። ከዚያ ዓይናቸው እያየ ሌላ ምስር ታጥብ ጀመር።

እናቷ ቆርቆሮውን ከፍተው አዩት።

"ከግማሽ በላይ አልቋል።"

"አዎ።"

"ለቄሱ ደውዪላቸው። አልቆርብም፤ ግን ይውሰዱኝ፣ ቁጭ ብዬ ቅዳሴውን እሰማለሁ።" ቆርቆሮውን መልሰው ከደኑት። "ዛሬን ደግሞ ወተቱን ተዪልኝ። አንድ ቀንም ብትሆን የራሴ ትሁን። ከነገ ጀምሮ ወተቱን ራሴ እጨምረዋለሁ።"

ልጅቷ ያበጠውን እግራቸውን አየች፤ ፈራች። "እሺ" አለችና ድስቱ ውስጥ ጨው ብቻ ጨመረች።