ወንበር ተሸክመን የወረድን ሰሞን

የምንኖርበት ፎቅ ቤቶቹ ጠባቦች ነበሩ። ለብቻው ትንሽ ማሰብ የፈለገ ሰው መታጠቢያ ቤት ገብቶ መቆለፍ ነበረበት፤ እዚያም ቢሆን በሩ ሳይደበደብ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ወርውረን ወደ ታች ነበር የምንሮጠው፤ በሕንፃዎቹ መሀል ወዳለችው አደባባይ።

አደባባይ አልኩ እንጂ የረባ ነገር አልነበራትም። ቅጠሏ የሳሳ አንዲት ዛፍ፣ ውሃው የደረቀ ፏፏቴ፣ ቀለማቸው የተላጠ የእንጨት አግዳሚዎች። ለእኛ ግን ሳሎናችን ነበረች። ወላጆቻችን ከየአገሩ የመጡ ስለሆኑ በየቤታችን የሚነገረው ቋንቋ ለየቅል ነው። አግዳሚው ላይ ስንሰበሰብ ግን ከሁሉም እየቆነጠርን ያበጀነው፣ አስተማሪውንም ወላጁንም እኩል የሚያናድድ የራሳችን አነጋገር ነበረን። ስድቡ ከአንዱ ቤት፣ ቁልምጫው ከሌላው ቤት የመጣ ነው።

አውራችን ራዲዮ የምንላት ልጅ ነበረች። አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። ከእኛ በላይ ባለው ቤት ከአያቷ ጋር ትኖር ነበር። የአያቷን ቋንቋ በሕንፃው ውስጥ ከእሷ በቀር የሚሰማ ስላልነበረ፣ አሮጊቷ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀሙትን ወሬ ሁሉ ማታ እሷ ላይ ያራግፉታል። "እኔ ለፍላፊ ሆኜ አይደለም፤ የሁለት ሰው ወሬ ተሸክሜ ነው" ትል ነበር።

አንድ ቀን ስንመለስ አግዳሚዎቹ የሉም። ተነቅለው የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። የፏፏቴው ጠርዝ ላይም ማንም እንዳይቀመጥ የሾለ ብረት ተተክሎበታል። ጋሼ የምንላቸው፣ ኮፍያቸው ሁልጊዜ ጆሯቸው ላይ የሚወርድባቸው ዘበኛ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ምን ተፈጠረ?" አለች ራዲዮ።

"የሕንፃው አስተዳዳሪ ናቸው። ወጣቶቹ እየተንጫጩ ደንበኛ አሸሹብን ብለው የምድር ቤቶቹ ባለሱቆች አቤት አሉ።"

"መቀመጥ ተከለከለ ማለት ነው?"

"እሱን እንኳ አላሉኝም። አግዳሚው ይነሳ ነው ያሉት።"

ራዲዮ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ሁላችንም እንፈራለን። ደረጃውን ወጣች፤ ስትመለስ የማድ ቤት ወንበር አናቷ ላይ ተሸክማለች። ዛፏ ሥር አስቀመጠችው፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቁጭ አለችና እግሯን አነባበረች።

"ጋሼ፣ ይሄ አግዳሚ ነው እንዴ?"

ጋሼ ወንበሩን ዞር ዞር ብለው አዩት። "እሱስ አይደለም" አሉ፤ ሳቃቸው ግን አመለጣቸው።

ከዚያ ማን ይቆማል! ሁላችንም ወደየቤታችን ሽቅብ በረርን። በርጩማ ያመጣ አለ፤ የታናሽ እህቱን የሕፃን ወንበር ያመጣም አለ። እኔ የእናቴን ወንበር ይዤ ወረድኩ። ከቤታችን ሁሉ የሚሻለው፣ መደገፊያው ጨርቅ የለበሰው እሱ ነበር።

እናቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል፤ ቤት ስትገባ ከዚያ ወንበር ሌላ የሚያምራት ነገር የለም። ያን ቀን ገብታ አጣችው። በመስኮት ቁልቁል ብታይ እኔ ተንደላቅቄበታለሁ።

ኮቴዋ ከእሷ ቀድሞ ደረሰ።

"አንቺ! ወንበሬ እዚህ ምን ይሠራል?"

ብድግ አልኩ። "እማዬ፣ አግዳሚውን ነቅለውብን እኮ ነው..."

"ታዲያ እኔን ልትነቅይ ነው?"

ልትወስደው መደገፊያውን ጨበጠች። ወንበሩ ግን ከበዳት መሰለኝ። "ቆይ፣ ትንሽ ልረፍ" ብላ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። ዓይኗን ጨፍና ቆየችና "ለካ እዚህ ነፋስ አለ" አለች። ስንት ዓመት ስትመላለስበት፣ አንድም ቀን ቆም ብላ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ራሷ ወንበሯን ይዛ ወረደች። የራዲዮ አያትም ጋሼን ተደግፈው መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። እናቴ ያበጠ እግሯን አሳየቻቸው፤ እሳቸው ጉልበታቸውን አሳዩዋት። ራዲዮ ላስተርጉም ብላ ስትጠጋ እናቴ "ተይን እስቲ፣ ተግባብተናል" አለቻት። ሌሎች እናቶችም ተከተሉ። አደባባዩ ሞላ።

አስተዳዳሪው በከረባት መጣ። ጎረምሶች ሊያባርር ያሰበ ሰው ከእናቶች ጋር ተፋጠጠ። "እዚህ መሰብሰብ..." ብሎ ሲጀምር የራዲዮ አያት በቋንቋቸው አንድ ረጅም ንግግር አወረዱበት።

"ምን አሉ?" አለ።

"አረፍ ይበሉ ነው የሚሉት" አለች ራዲዮ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል። እውነተኛውን ትርጉም በኋላ ስትነግረን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ባዶ የነበረው የሕፃኗ ወንበር ብቻ ነው። ሰውየው አየው፣ እኛን አየ፣ ላቡን ጠረገና ሄደ። ብርድ ሲገባ አግዳሚዎቹ ተመልሰው ተተከሉ። እናቶቹ እንደለመዱት መውረዳቸውን አልተዉም፤ እናቴም በሕይወት ሳለች እዚያ ሳትቀመጥ የዋለችበት የዕረፍት ቀን ትዝ አይለኝም።

ራዲዮ አያቷ ሲያርፉ ወደ አክስቷ ከተማ ሄደች። አሁንም እንደዋወላለን፤ ያን የጥንት አነጋገራችንን ስንጀምር ልጆቻችን "ምንድን ነው የምትሉት?" ይሉናል። ለማስረዳት እንሞክርና ያቅተናል።

በቅርቡ በዚያችው አደባባይ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሳልፍ ልጃገረዶች አዲስ የተከፈተው ባንክ መስታወት ፊት ተሰልፈው ጭፈራ ይለማመዳሉ። ቆሜ ሳይ አንዷ ዞረችና "እትዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፣ ጋረዱን" አለች። እትዬ የተባለችው ማን ናት ብዬ ወደኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም።

ፈቀቅ አልኩላቸው። ከዳር ያለችው ልጅ ሌሎቹ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ሁልጊዜ ወደ ግራ ትሄዳለች፤ ይስቁባትና እንደገና ይጀምራሉ። አውቶቡሴ መጥቶ ሄደ። ሌላ እስኪመጣ እያየኋቸው ቆምኩ።