ከጋኖቹ ጀርባ የታሰረው ክር

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ውሸት ከተገኘች የቶንሌ ሳፕ አዞ ይብላኝ። በወንዛችን አዞ ከታየ ዘመን አልፏል የሚል ተንኮለኛ አይጠፋም፤ መሐላ ግን መሐላ ነው።

በከተማችን በካምፖንግ ችናንግ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሰው ገና ያልተወለደ ነው። የፓጎዳችን፣ የቤተ መቅደሳችን፣ ጀልባ በውድድር ሲወርድ መሪውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ወንዛችን በየዓመቱ ዞሮ ወደ ላይ የሚፈሰው እኔን ፈርቶ ነው ይባላል። የሚለውም ሰው እኔ ነኝ።

ይህ ታሪክ ግን የእኔ አይደለም፤ የሚስቴ ወንድም የሳቩት ነው።

ልጄ ቻንትሪያ በታጨች ሰሞን ሳቩት ሐሳብ አበዛ። በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት ልጅ ናት። በሠርጉ ቀን አባትና እናት ቀይ ክር ከእጇ አንጓ ላይ አስረው ሲመርቋት፣ ከእነሱ ቀጥሎ አጎት ይቀመጥና ያስራል። ሰው ሁሉ ያያል። «እጄ ቢንቀጠቀጥስ? ዝናብ ቢመጣስ? የሙሽራው ዘመዶች ቢንቁንስ? ወደ ባሏ አገር ባታምባንግ ስትሄድ ከማን ጋር ታወራለች?» ይላል። ሩዙን ሳይጨርስ ይነሳል። አንገቱ እንደ ቀርከሃ ደረቀ፤ ሰውነቱ ከዓሣ ማድረቂያ የወረደ መሰለ።

እኛ ዘንድ ሰውነት እንቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነፋስ ነው። ከእግር ይነሳል፣ ወደ ደረት ይወጣል፣ አንገት ከደረሰ የደም ሥር ይበጥሳል ይባላል። መድኃኒቱ ጀርባን ቅባት ቀብቶ፣ ቀይ መስመር እስኪወጣ በሳንቲም ጠርዝ መፋቅ ነው። በመፋቅ ደግሞ አቻ የለኝም። እጄን ፍለጋ ከፕኖም ፔን ድረስ ሰው ይመጣል፤ አንዱ ጄኔራል ነበር፣ ስሙን ግን አልናገርም።

በየማታው ፋቅኩት። ነብር ቢያገኘው ዘመዴ ብሎ ያቅፈው ነበር።

«ቀለል አለህ?» እለዋለሁ።

«ጀርባዬ ነደደ። ሐሳቡ እንዳለ ነው።»

«እንግዲያው ጥልቅ ነፋስ ነው። ዙር።»

«ቦንግ፣ ሌላ ጀርባ የለኝም።»

ቦንግ ማለቱ ታላቅነቴን አክብሮ ነው። ቢያከብረኝም ለመፋቅ ሲሆን መሸሽ ጀመረ።

አንድ ጠዋት ገበያ ውስጥ ቆመን የሸንኮራ ጭማቂ እንጠጣለን። የዚያን ቀን ምንም አላሰበም፤ እንዲያውም በእኔ ቀልድ እየሳቀ ነበር። በሳቁ መሐል ያ ነገር መጣ። የምጽፈው እሱ እንደነገረኝ ነው። ልብ ከደረት ወጥቶ ጆሮ ውስጥ እንደ ፓጎዳ ከበሮ ይመታል። ትንፋሽ ከጉሮሮ አልወርድም ይላል። ጣቶች ላይ ቀይ ጉንዳን የፈሰሰ ይመስላል። መሬቱ እንደ ጀልባ ይዋልላል፤ የጎመን ሻጯ ፊት ከሩቅ አገር የሚታይ ይሆናል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይመጣል፤ አሁን እዚህ፣ ጎመን መሐል፣ ልሞት ነው።

እኔስ ምን አደረግሁ? መከርኩት። «አትጨነቅ፣ ሠርጉ ያምራል፣ ዝናቡም አይመጣም» አልኩት። ወንዝ ለወሰደው ሰው ስብከት እንደ ማንበብ ነው። ለሐሳቡ ፋቅኩት፤ ነፋሱ ሲመጣ ደግሞ ምክር ሰጠሁት። መድኃኒቱን ገልብጬ መስጠቴ ነው። የሚጭነው ባጃጅ እስኪገኝ ግን ነገሩ አልፎ ነበር። «ጭማቂዬስ?» አለ።

ሚስቴ ሳሬት ጤና ጣቢያ ወሰደችን። ነርሷ ታቪ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ልቡን አዳመጠችና በማሽን እንዲታይ ወደ ክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ላከችው። እንደ በሬ የጠነከረ ልብ ነው ያለው አሉ። ተመልሰን ስንመጣ አስቀምጣ አስረዳችን። እኔ ሁሉንም ቀድሜ አውቀው ነበር፤ ቅር እንዳይላት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

«ሐሳብና ነፋስ የምትሏቸው ነገሮች ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም» አለች። «ሐሳብ ስም አለው። ምን ሆነህ ነው ሲሉህ ሠርጉ፣ ዝናቡ፣ ልጅቷ ትላለህ። እንደሚያፈስ ጣሪያ ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ አንገት ያደርቃል። ነፋሱ ግን ስሙን አይናገርም። እየሳቅህም ይመጣል። የሚገድልህ ይመስላል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ራሱ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ሩዝ እስኪበስል እንኳ አይቆይም።»

«ሲመጣስ ምን ይሁን?» አለች ሳሬት።

«አይሽሽ። ይቀመጥ፣ ትንፋሹን ቀስ አድርጎ ያውጣ፣ እስኪያልፍ ይጠብቀው። ሐሳቡን ደግሞ ለሚወደው ሰው ያውራ፤ ካልተሻለው ወደ እኔ ይመለስ። መፋቅም ደስ ካለው ይፋቅ። የሚፍቀው ሰው ግን አፉን ይዝጋ።»

የመጨረሻው ከሕክምና ትምህርት የመጣ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ በረጃጅም ምሰሶ ላይ ከቆመው ቤታችን ሥር ካለው የቀርከሃ አልጋ ላይ ይቀመጥና ሐሳቡን አንድ በአንድ ለሳሬት ይነግራታል። ዝናቡ ሲል፣ «ሸራ ተከራይተናል» ትላለች። ንቀቱ ሲል፣ «እነሱም እንደኛ ፕራሆክ፣ የቦካ ዓሣ፣ ነው የሚበሉት» ትላለች። ባታምባንግ ሲል ግን ሩዝ ትጨምርለታለች።  ሩዙንም መጨረስ ጀመረ። የቀረው አንድ ፍርሃት ነበር፤ ክሩን ሊያስር ሲቀመጥ ነፋሱ ቢመጣ፣ የልጅቷን ቀን ቢያበላሽባት።

የሠርጉ ቀን ሦስት ሺህ ሰው መጣ። ሳሬት ሁለት መቶ ትላለች፤ እሷ የቆጠረችው ሳህን ነው። ቻንትሪያ በወርቅማ ልብስ ቁጭ ብላ ፀሐይን አሳፈረች። እኔ እንደ ድልድይ ምሰሶ በማይነቃነቅ እጅ ክሬን አሰርኩ። አጎት ሲባል፣ አጎት የለም።

ከኩሽናው በስተኋላ፣ ከውሃ ጋኖቹ ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል፤ ክሩ ከጭብጡ ውስጥ ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ነፋሱ ነው?»

«ነው።»

«ሐሳብ እንዳይሆን?»

«ሐሳብ ቢሆን ስሙን እነግርህ ነበር።»

አፌን ዘጋሁ። የሚያውቁኝ ይህን አያምኑም፤ ግን ዘጋሁ። ጠባብ አፍ ካለው እንስራ የዘንባባ ጭማቂ እንደሚቀዳ፣ ትንፋሻችንን በቀስታ አወጣን። ከውስጥ ዘፋኙ ጊዜ ለመግዛት ያንኑ ግጥም ደጋግሞ ይዘፍናል።

ከዚያ ቻንትሪያ ራሷ መጣች። ዘውዷን እንዳደረገች፣ የወርቅማ ልብሷን ጫፍ በዓሣ ቅርፊት ላይ እየጎተተች መጥታ መሬት ላይ ቁጭ አለችና እጇን ዘረጋች።

«እዚሁ እሰርልኝ» አለች። «እኔ አልቸኩልም።»

ነፋሱ ጫፍ ደረሰ። እጇን እንደዘረጋች ጠበቀች። ከዚያ ወረደ፤ ታቪ እንዳለችው፣ ራሱ። ክሩን ሲያስር እጁ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። ቋጠሮው እንደ ሸርጣን ወደ ጎን የሄደ ሆነ። ልጅቷ ግን ሌላው ክር ሁሉ ሲፈታ ያንን ሳትፈታ ባታምባንግ ገባች።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከቤቱ ሥር ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሳቩት ማንጎ ይልጣል። ሸክላ ሠሪዋ ሳሬት እንደ ልማዷ ያልደረቀ ጋን እየዞረች በእንጨት ታለሰልሳለች።

«እንዴት ነው?» አልኩት ሳቩትን።

«ያምራል ቦንግ» አለና አንድ ቁራጭ ማንጎ ሰጠኝ። «እኔ ግን ያን ጊዜ ሩቅ አገር፣ ፓይሊን ሄጄ ካሳቫ ስነቅል ነበር። በሠርጉም ቀን አውቶቡሱ ተበላሽቶብን፣ ስደርስ ሙዚቀኞቹ እየወጡ ነበር።»

ሳሬት መዞሯን አላቆመችም።

«ቻንትሪያ ያንን ቋጠሮው ወደ ጎን የሄደውን ክር እስካሁን ከሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች» አለች ቀስ ብላ። «የአባቴ ቋጠሮ ነው የምትለው።»