ለቆራሌ የተፈረደባት ኮምፒውተር

ቡታጅራ ላይ ሸምሶን የማያውቅ ሬዲዮ የለም። ሰዉ ግን የጠገነውን ይወስዳል እንጂ እሱን አይቆጥረውም፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ነዋ! ባለ ዲፕሎማው ራምዚ ከስድስት ዓመት በፊት ሰው ፊት «አንተ ሬዲዮህን ጠግን፤ ኮምፒውተር ለተማረ ተወው» ያለውን እስከ ዛሬ አልረሳም። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

አሁን ደግሞ ያው ራምዚ የሸምሶን ጎረቤት የመሕቡባን አሮጌ ኮምፒውተር ገልመጥ አድርጎ «ለቆራሌ ስጪያት» ብሏት ሄደ። መሕቡባ ማመልከቻ እየጻፈች፣ በፕሪንተር እያተመች የምትኖረው በእሷ ነው።

«አምጫት» አለ ሸምሶ። «ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ማስነሻ ፕሮግራም አለ፤ ለአሮጌ አይከብድም። ፀሐይ ሳትገባ ካላተመች እኔው ተሸክሜ ቆራሌው ጋ አደርሳታለሁ።»

«ወላሂ ትሸከማለህ፣ ጋሼ ሸምሶ!»

ከፈታት፤ አቧራዋን እፍ አለ። የውስጥ ሰዓቷ ባትሪ ሞታለች። አዲስ ከተተና ቀኑን ሞላ፦ ቀን 14፣ ወር 6፣ ዓመት 2017። ከዚያ ሊኑክሱን ከፍላሽ ጫነ። ገባለት፤ ማፏጨት ጀመረ።

ኮምፒውተሯን የፕሪንተሩን ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርጂ ሲላት ግን እምቢ አለች። «ፋይሉ ጊዜው ገና ነው» የሚል እንግሊዝኛ ትደረድራለች። ሊኑክሱን እንደገና ጫነ፤ እምቢ። የመሕቡባን የስልክ ኢንተርኔት ሞከረ፤ ያው።

«ቆራሌው እታች ሰፈር ሲጮህ ሰምቼዋለሁ» አለች መሕቡባ።

«አንቺም ጨምሪበት!»

አንገቱን አስግጎ ጽሑፉን ደግሞ አነበበ። መሐሉ ላይ ቁጥር አለ፦ ጊዜው ሊደርስ 2809 ቀን ይቀራል። ወረቀት ሳበና ለሦስት መቶ ስልሳ አምስት አካፈለው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር።

ጆሮው ጋለ። ከፈረንጅ የምንዘገየውን ያህል! ማሽኗ የምትቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እሱ የካቲትን ስድስተኛ ወር ብሎ በእኛ ሞላላት።

«ዛሬ በፈረንጅ ስንት ነው?»

መሕቡባ ስልኳን አየች። «ፌብሩዋሪ ሃያ አንድ፣ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት። ምነው?»

«ዝም ብዬ ነው።»

ቀኑን አስተካከለ። ፕሮግራሙ ያለ ምንም ማጉረምረም ወረደ። ፕሪንተሩ ሁለቴ አንኳኳና ወረቀቱን ጎትቶ ተፋው፤ ፊደሉ ጥርት ያለ አማርኛ።

«ማሻአላህ! ራምዚ ምን ነበር ችግሯ ካለኝስ?»

«ረቂቅ ነገር ነበር በዪው። ሌላ አትጨምሪ።»

ያኔ ቆራሌው እየጮኸ በሩ ላይ ደረሰ። ሸምሶ ወረቀቱን ከነሙቀቱ እንደያዘ ብቅ አለ።

«እዚህ የለም፣ ወንድሜ። የራምዚን ቤት ሞክር!»